«ለበጎ ነው» ያልኳት ቀን

ይሄን ነገር ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንዳጠፋሁት አላውቅም። አንዴ ስለ መጽሐፉ ብቻ የሚያወራ ጽሑፍ አድርጌው ጨርሼው ነበር፣ ግን መልሼ ሳነበው ውሸት ሆነብኝ፣ ምክንያቱም ነገርዬው ስለ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ ስለ እምነቴም ብቻ አይደለም፣ ለአንዲት ጓደኛዬ የተናገርኳት አንድ አጭር ነገር አለ እና ከሱ ካልጀመርኩ የቀረው ሁሉ ማስመሰል ነው የሚሆነው።

ጓደኛዬ የአራት ዓመት ልጇን በሕመም አጣች። የሷንም የልጁንም ስም አልጽፍም። እንደሰማሁ እየሮጥኩ ሄድኩ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ እሷ ግን ሳሎን የለችም፣ መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የልጁን ካልሲዎች ጥንድ ጥንዱን እየፈለገች ታጥፋለች። ትንንሽ ካልሲዎች። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ተረከዙ ጋ ሳስቶ ሊቀደድ የደረሰ። አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት፣ ትንሽ ቆየን፣ ከዛ ዝምታው ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር ዝምታው የከበደኝ እኔን ነው፣ እሷ ዝም ማለት አልከበዳትም ነበር። እና ሁሌ የሚባለውን አልኳት፣ «እግዚአብሔር ከኛ አብልጦ ቢወደው ነው የወሰደው፣ ለበጎ ነው በዪው»። ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። የማታውቀው ቋንቋ እንዳወራሁባት ዓይነት ነው ያየችኝ። ከዛ ሰማያዊውን ካልሲ እጄ ላይ አስቀምጣ «እሺ» አለችና ተነስታ ወጣች።

«እሺ» ብቻ።

ከዛ በኋላ ነገሮች እየቀዘቀዙ ሄዱ። መጀመሪያ ስደውል ታነሳ ነበር፣ ከዛ ቆይታ መልሳ ትደውላለች፣ ከዛ በሜሴጅ «ደህና ነኝ» ብቻ፣ ከዛ እሱም ቀረ። እኔ ደግሞ ለራሴ ሐዘን ሰውን ይቀይራል አልኩ፣ ጊዜ ያስፈልጋታል አልኩ፣ ማታ ማታ ግን አንድም ቀን ሳላዛንፍ እጸልይላት ነበር። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ስሟን ጠርቼ ጸልዬላታለሁ፣ በነዛ ሁለት ዓመታት ውስጥ ቤቷ የሄድኩት ግን ሁለት ጊዜ ነው።

ያደግኩት በእምነት ውስጥ ነው። ግዴታ ሆኖብኝ አይደለም፣ እወደው ነበር፣ አሁንም የምወደው ነገር አለው። መጽሐፍ ቅዱስ በልጅነቴ ነው አንብቤ የጨረስኩት፣ ከፍ ስል ደግሞ ልጆች አስተምር ነበር። «እግዚአብሔር ደግ ከሆነ ሰው ለምን ይሰቃያል» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መልሱ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፣ ነጻ ፈቃድ አለ፣ ፈተና አለ፣ እኛ የማናየው ዕቅድ አለ፣ ከሦስቱ አንዱ ለማንኛውም ጥያቄ ይሆናል። ይሄን ስናገር ድምፄ እንኳን አይንቀጠቀጥም ነበር።

ከዛ የሩሲያዊውን ደራሲ የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ማንበብ ጀመርኩ። ለእምነት ብዬ አይደለም፣ የሥራ ባልደረባዬ የግድያ ታሪክ አለበት፣ ገዳዩን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ያስጨንቅሻል ብሎ ፒዲኤፉን ስለላከልኝ ነው። በስልክ ነው ያነበብኩት፣ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ። መጀመሪያ አካባቢ ይጎተታል፣ ስሞቹ ያምታታሉ፣ አንድ ሰው በሦስት አራት ስም ነው የሚጠራው፣ እኔም ግድያው ጋ ለመድረስ ስቸኩል ብዙ ቦታ በሩጫ አለፍኩ። መድረስ የነበረብኝ ቦታም እዛው በሩጫ ካለፍኩት ውስጥ ነበር፣ ያን ያወቅኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

የያዘኝ ኢቫን እና አልዮሻ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ቦታ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ ኢቫን የተማረ፣ ብዙ የሚያስብ፣ አልዮሻ ደግሞ ገዳም የገባ ገና ወጣት ልጅ። እኔ ኢቫን «እግዚአብሔር የለም» ሊል ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ለሱ መልስ አለኝ። እሱ ግን እንደዛ አይልም። እግዚአብሔርን እቀበላለሁ ነው የሚለው፣ በመጨረሻም ሁሉ ነገር ታርቆ ሁሉም እንባውን ጠርጎ ይዘምር ይሆናል ይላል፣ የማልቀበለው ለዛ ዝማሬ የተከፈለውን ዋጋ ነው ይላል። ከዛ የልጆች ታሪክ ይነግረዋል። አምስት ዓመት የሆናት ልጅ፣ ወላጆቿ በብርድ ሌሊት ሽንት ቤት ቆልፈውባት፣ ጨለማ ውስጥ ሆና ደረቷን በትንሽ እጇ እየደቃች አምላኳን የምትለምን። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ አለ፣ ሲጫወት በወረወረው ድንጋይ የጄኔራሉን ውሻ እግር ስለጎዳ ጄኔራሉ እናቱ እያየች የአደን ውሾቹን ለቆበት ያስበላዋል። ኢቫን ይሄን ነግሮት ሲያበቃ ታዲያ ጄኔራሉ ምን ይደረግ ብሎ አልዮሻን ይጠይቀዋል። ያ የዋህ ልጅ፣ ያ መነኩሴ ሊሆን የተዘጋጀው፣ ቀስ ብሎ «ይረሸን» ይላል።

እዚህ ጋ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣራውን ሳይ ቆየሁ። እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የምለው። ኢቫን ግን አያቆምም፣ የሰው ልጅን ሁሉ ለዘላለም የሚያስደስት ሕንጻ የምትሠራው አንተ ብትሆን፣ ግን መሠረቱ ላይ የዛች አንዲት ሕፃን እንባ የግድ መፍሰስ ካለበት፣ ትሠራዋለህ ወይ ይለዋል። አልዮሻ አልሠራም ይላል። ልብ ወለድ ነው ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1879 ለአዘጋጁ በጻፈው ደብዳቤ እነዛ የልጆች ታሪኮች ፈጠራ አይደሉም፣ በጋዜጣ የወጡ ናቸው፣ የት እንደወጡም ማሳየት እችላለሁ ብሏል። ይሄን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። በእውነት የሆነች ልጅ ነበረች ማለት ነው፣ ጨለማ ውስጥ የለመነች።

እና የኔ ሦስት መልሶች እዛች በር ጋ ሲደርሱ ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ነጻ ፈቃድ፣ እሺ የማን፣ የሷ ነው ወይስ የቆለፉባት? ፈተና፣ የአምስት ዓመት ልጅ በምን ትፈተናለች? የማናየው ዕቅድ፣ እሺ ይኑር፣ ግን በሩ ውጪ ቆሜ በቁልፉ ቀዳዳ «የኔ እናት አይዞሽ ዕቅድ አለው» እላታለሁ? ራሴን እዛ በር ላይ ቆሜ ሳየው ነው ትዝ ያለኝ። ሰማያዊው ካልሲ። ብዬዋለሁ እኮ። ልክ ይሄንኑ ነገር ልጇን ለቀበረች እናት ብዬዋለሁ፣ በዛው ቀን፣ የልጇን ካልሲ ይዛ እያለች። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ የሚባለውን ነገር እኔ በጣፋጭ ድምፅ አደረግኩት።

በማግስቱ ማታ ለመጸለይ ተንበረከክኩ፣ አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፣ «ፈቃድህ» የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። ሦስት አራት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ እዛው ጋ ይቆማል። ፈቃድህ ትሁን ብዬ በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ብያለሁ፣ ምን እንደምል ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የዛ ልጅ መሞት ፈቃድህ ነበር? ከነበረ ትሁን ማለት አልችልም። ካልነበረ ደግሞ ለናቱ «እሱ ነው የወሰደው» ያልኳት በማን ስም ነው? ተነስቼ ተኛሁ። በማግስቱም አልጸለይኩም፣ በሳልስቱም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር አለፈ።

ሰው እምነቱ ሲናጋ የሚፈራው ክፉ ሰው እሆናለሁ ብሎ ነው መሰለኝ። ኢቫንም እግዚአብሔር ከሌለ ሁሉም ነገር የተፈቀደ ነው የሚል ሐሳብ አለው፣ መጽሐፉ ውስጥ ያንን ሐሳብ ሰምቶ በእጁ የሚፈጽመው ሌላ ሰው ነው፣ ኢቫንን ደግሞ በኋላ የራሱ አእምሮ አልሆንልህ ይለዋል። እኔም ራሴን እየጠበቅኩ ነበር፣ አሁን ምን ላደርግ ነው፣ ልዋሽ ነው፣ ልሰርቅ ነው፣ ምን ይመጣብኛል እያልኩ። ምንም አልመጣም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ሁለት ወር ሳልጸልይ ያው እኔው ነኝ፣ ደግነቴም ያው፣ ቁጡነቴም ያው፣ ስንፍናዬም ያው። እና እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ጸሎቴ እስካሁን ምን ሲሠራልኝ ነበር?

መልሱ የመጣው ከሥራ ቦታ ነው። በዛ ሰሞን አንድ ሪፖርት ላይ ትልቅ ስህተት ተገኘ፣ አለቃችን አዲስ የገባችው ልጅ ናት ያበላሸችው ብሎ በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገራት። ልጅቷ ምንም አላለችም፣ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ደጋግማ ታሰምራለች፣ እስክርቢቶው ወረቀቱን እስኪቀደው። ወደ ወንበሬ ተመልሼ ፋይሉን ስከፍተው ቁጥሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የኔ ስህተት ነው። በዛች ደቂቃ ኃጢአት ነው፣ ያስቀጣል፣ ጽድቅ ነው ምናምን የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም፣ እስክርቢቶው ብቻ ነው የታየኝ። ተነስቼ ሄጄ ነገርኩት፣ ከዛ ሁሉም በተገኙበት እንዲያስተካክለው ጠየቅኩት፣ አስተካከለውም።

ይሄን የምጽፈው ጥሩ ሰው ነኝ ለማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከዛ አምስት ዓመት በፊት፣ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ደርሶብኝ ነበር። በኔ ጥፋት ሌላ ሰው ተወቀሰ፣ እድገቱም በዛ ምክንያት ዘገየበት። ያኔ አጥባቂ ነበርኩ። ያኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ማታ ተንበርክኬ አልቅሼ ለእግዚአብሔር ተናዘዝኩ። እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ ትራሴ ረጥቧል። ከዛ ልቤ ቀለል አለኝና እንቅልፍ ወሰደኝ። ለሰውየው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ እኮ! ጨርሰናል፣ ተዘግቷል። ሰውየው ግን አልተዘጋለትም።

አያችሁ ነገሩ እንዴት እንደተገጣጠመብኝ? ለጓደኛዬ ሁለት ዓመት ጸለይኩላት፣ ቤቷ ግን የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለበደልኩት ሰው ለእግዚአብሔር ተናዘዝኩ፣ ለሱ ግን አልነገርኩትም። ከእግዚአብሔር ጋር የማወራው ከሰው ጋር እንዳላወራ ነበር። ይሄ የእምነት ጥፋት ነው አልልም፣ በትክክል የሚጸልዩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ጸሎታቸው ወደ ሰው ቤት የሚያስነሳቸው። የኔ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር።

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ስነግረው ተቆጣ። ታላቄ ነው፣ ለኔ አዝኖ እንደሆነ አውቃለሁ። «እኔ ድሮም ብዬሽ ነበር፣ ልብ ወለድ የሰው አእምሮ የፈጠረው ነገር ነው፣ አንድ ሩሲያዊ በፈጠረው ወሬ እምነትሽን ትጥያለሽ?» አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም፣ ቆይቶ ግን ናታን ትዝ አለኝ። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን ሲመጣበት ሕግ አልጠቀሰለትም፣ ሕጉንማ ዳዊት ያውቀዋል፣ አትግደል የሚለውን ሊያስተምረው አይችልም። ተረት ነው የነገረው። አንድ ድሃ ነበረ፣ አንዲት ትንሽ በግ ብቻ ነበረችው፣ ከእንጀራው ትበላ ነበር፣ በብብቱም ትተኛ ነበር፣ እንደ ልጁም ነበረች። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ሳስቶ የድሃውን በግ አረደ። ዳዊት በቁጣ ነደደ፣ ይሄን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ፣ ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ልብ ወለድ ማለት እኮ ይሄ ነው። ስለ ሌላ ሰው ነው ብለህ ዘና ብለህ ትፈርዳለህ፣ ከዛ ፍርዱ አድራሻው አንተው ቤት ይሆናል። እኔም ስለ ሩሲያ ጄኔራል እያነበብኩ ነበር ካልሲው ጋ የደረስኩት።

ይሄን ለወንድሜ ስነግረው ዝም አለ፣ የተቀበለኝም መሰለኝ። ግን ሐቀኛ ልሁን፣ ያው ምዕራፍ ሲቀጥል ለዳዊት ኃጢአት የሚሞተው ከዛች ሴት የተወለደለት ሕፃን ነው፣ በሰባተኛው ቀን። በልጅነቴ ይሄን ሳነብ አልፌው ነው የሄድኩት፣ ልክ ካራማዞቭን በሩጫ እንዳለፍኩት። አሁን ማለፍ አልችልም። ለሱ መልስ የለኝም፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ቢጠይቁኝ እኔንም ያመኛል ነው የምላቸው።

ዶስቶየቭስኪ ራሱ ለኢቫን መልስ ሰጥቷል ወይ ብዬ መፈለጌ አልቀረም። ሰውየው አማኝ ነው እኮ፣ ያውም በቀላል ያልመጣ እምነት። እ.ኤ.አ. በ1849 በፖለቲካ ጉዳይ ታስሮ ሞት ተፈርዶበት፣ አደባባይ ወጥቶ ወታደሮች ጠመንጃ ሲያነሱ አይቶ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ነው ምሕረት የተነበበለት። ከዛ አራት ዓመት ሳይቤሪያ እስር ቤት፣ በመንገድ ላይ ሴቶች የሰጡትን አዲስ ኪዳን ይዞ፣ ያቺን መጽሐፍ እስከሞተበት 1881 ድረስ አልተለያትም። የኢቫን ክፍል ታትሞ ሲወጣ ባለሥልጣኑ ፖቤዶኖስትሴቭ መልሱስ የታል ብሎ ቢጠይቀው፣ መልሱ ነጥብ በነጥብ አይደለም፣ በሚቀጥለው ክፍል በሰው ሕይወት ሥዕል ነው የሚመጣው፣ ይበቃ እንደሆነ ግን እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ነው የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። እንዲህ ያለው እሱ ነው፣ እኔ ግን በልበ ሙሉነት ሦስት መልስ ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር።

እና መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ተመልሼ ሽማግሌው መነኩሴ ዞሲማ ያለበትን ሁሉ እንደገና አነበብኩ። እዛ ነው በሩጫ ያለፍኩትን ያገኘሁት። ከመጽሐፉ መጀመሪያ ብዙም አይርቅም። ሴቶች ከሩቅ እየመጡ ችግራቸውን ይነግሩታል፣ ከነሱ አንዷ ልጇ ሞቶባት ነው የመጣችው፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው። ከዛ በፊትም ሌሎቹን ቀብራለች፣ ይሄኛው የመጨረሻዋ ነው። ልብሱን፣ ሸሚዙን፣ ጫማውን አውጥታ እያየች እንደምታለቅስ ትነግረዋለች፣ አንዴ ብቻ፣ ጥግ ተደብቄም ቢሆን፣ በትንሽ እግሩ ቤት ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ብሰማው ትላለች። ዞሲማ መጀመሪያ ምን ይላታል መሰላችሁ፣ ልጅሽ ከመላእክት ጋር ነው፣ ደስ ይበልሽ። የኔን ንግግር! ሴትየዋ ባሌም እንደዚሁ ነው የሚለኝ ትላለች፣ እሱም ግን ያለቅሳል። ያኔ ሽማግሌው ይለወጣል። ራሔልን ያስታውሳታል፣ ማቴዎስ ላይ ያለችውን፣ «ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፥ መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና»። አትጽናኚ ይላታል። መጽናናት የለብሽም፣ አልቅሺ።

አትጽናኚ የሚል አጽናኝ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። ይቺን ጥቅስ እኮ በቃሌ አውቃታለሁ፣ ለልጆች አስተምሬያታለሁ፣ ትንቢት ተፈጸመ ብዬ። «የሉምና» የምትለዋን ቃል ግን አላየኋትም ነበር። የሉም። በቃ። ቅዱስ መጽሐፉ ራሱ «ለበጎ ነው» አይላትም፣ ማልቀሷን ብቻ ይጽፋል።

ያ የሦስት ዓመት ልጅ መጽሐፉ ውስጥ ስሙ አሌክሲ ነው። የዶስቶየቭስኪ የራሱ ልጅም አሌክሲ ነበር፣ በግንቦት 1878 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት ሳይሞላው በሚጥል በሽታ ሞተ፣ በሽታው የአባቱም በሽታ ነበር። ከወር በኋላ አባትየው ኦፕቲና ገዳም ሄዶ አምብሮስ የሚባሉትን አባት አገኘ፣ ዞሲማ ለዛች እናት የሚናገረው አምብሮስ ለሚስቱ ለአና የላኩላትን ቃል ነው ብላ አና ራሷ በማስታወሻዋ ጽፋለች። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ያንን ምዕራፍ እንደ ልብ ወለድ ማንበብ አልቻልኩም። አባት ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው፣ የልጁን ስም እያነሳ።

ኢዮብንም በዛው ሰሞን እንደ አዲስ አነበብኩት። ዞሲማ ስለ ኢዮብ የሚያነሳው ነገር አለ፣ በመጨረሻ ሌላ ልጆች ተሰጡት፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳይኖሩ አዲሶቹን እንዴት ይወዳል ብሎ ይጠይቃል። እውነት ነው፣ ሂዱና እዩት፣ ሰባት ሺህ በጎች ነበሩት አሥራ አራት ሺህ ሆኑለት፣ ሦስት ሺህ ግመሎች ስድስት ሺህ ሆኑ፣ ልጆቹ ግን ሰባት ወንድ ሦስት ሴት ነበሩ፣ ሰባት ወንድ ሦስት ሴት ናቸው፣ እጥፍ አልሆኑም። ጓደኞቹ ደግሞ መጀመሪያ ጥሩ ነበሩ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሸው። ሁሉም ለእግዚአብሔር ጠበቃ ቆመው ነው የሚያወሩት፣ ኢዮብ ደግሞ እግዚአብሔርን ራሱን ይሞግታል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በጠበቆቹ! እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ነው የሚላቸው። እኔ ሰባት ቀን አይደለም ሰባት ደቂቃ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው ጠበቃ የሆንኩት።

ሌላም አንድ አጭር ልብ ወለድ አለ፣ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው፣ ኦሜላስ ስለምትባል ከተማ። ከተማዋ በደስታ የተሞላች ናት፣ ግን ደስታው ሁሉ የቆመው በአንድ ምድር ቤት ውስጥ በተቆለፈ ሕፃን ሥቃይ ላይ ነው፣ ሕጉም ለዛ ልጅ አንድም ደግ ቃል እንዳይነገረው ይከለክላል። የኢቫንን ጥያቄ ይመስላል አይደል? ብዙዎቹ ይሄን እያወቁ ይኖራሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ ከተማዋን ጥለው ይወጣሉ። ሰው የወጡትን ነው የሚያደንቀው፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበርኩ፣ ራሴንም ከወጡት ጋር ቆጥሬው ነበር፣ መጸለይ ስላቆምኩ። በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ የቀሩትም የወጡትም በሩን ሳይከፍቱ ነው። ልጁ እዛው ነው። እኔም ባምን ባላምን ጓደኛዬ እዛው መኝታ ቤት ናት፣ ካልሲ እያጠፈች።

ደወልኩላት። አላነሳችም፣ ስለዚ ሄድኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። በሩን ስትከፍት ከስታለች፣ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ገባሁና እንደቆምኩ፣ ያኔ ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም፣ ለበጎ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር ግን ከዚህ በላይ አልወጣኝም። ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺ ብቻ እኮ አይደለሽም» አለች፣ «ሁሉም ነው እንደዛ ያለኝ። ካንቺ ግን አልጠበቅኩም ነበር።»

ተቀመጥን። ዝም አልን፣ እና በዚህ ጊዜ ዝምታውን አልነካሁትም። ከቆየን በኋላ ስለሱ ንገሪኝ አልኳት። ስሙን ጠርቼ ነው የጠየቅኳት። ማንም ስሙን አይጠራውም አለችኝ፣ ሰው እኔን እንዳያስለቅሰኝ ብሎ ይፈራል፣ ስሙን ከሰማሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው አለች። ከዛ ማውራት ጀመረች፣ ሳታቆም አወራች፣ ጫማውን ሁሌ አዙሮ ነበር የሚያደርገው፣ የቀኙን በግራ፣ ስታስተካክልለት ይናደዳል፣ «እግሬ እንዲህ ነው የሚወደው» ይላታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፣ እኔም አለቀስኩ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላልኳትም።

አሁን መጸለይ ጀምሬያለሁ፣ በየቀኑ አይደለም። «ፈቃድህ» የሚለው ጋ ስደርስ አሁንም እቆማለሁ፣ አንዳንዴ አልፈዋለሁ፣ አንዳንዴ እዛው ያበቃል። ያንን የድሮ መሥሪያ ቤት ሰውዬ ስልኩን ካገኘሁት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፣ ገና አልደወልኩም። እሷ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የጫማ ካርቶን አወጣችና እያንዳንዱን ልብስ አሳየችኝ፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊውን ካልሲ አነሳች፣ ጥንዱ ጠፍቷል አለችኝ፣ ያኔም እሱን ነበር ስፈልግ የነበረው፣ አልጋው ሥር ይሆን ብዬ አሁንም አልፎ አልፎ አያለሁ አለች። አብረን ጎንበስ ብለን አየን።